ሣር ያልቀመሰ ጥጃ

ሃይ ሊንግ እርሻ፣ ስዌልዴል
ኦክቶበር 14 ቀን 1907

ለወንድሜ ልጅ ለታማር፣

ይህን ብዕር የያዘችው የፖስታ ቤቷ ሀና ስፔንስሊ ናት። እጁ የሷ ነው፣ ቃሉ የኔ ነው። እስከ ዛሬ ይጽፍልኝ የነበረው ሰባኪው ሚስተር ባርትል ዓይኑ ደክሟል፤ ስለዚህ የፊደሉ መልክ ተለወጠ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ሀና ስትጽፍ ምላሷን ታወጣለች። ይህንንም ጻፊው ብያት ይኸው ጽፋዋለች።

እንደምን ከርመሻል? ባልሽ ኤሞስ እንደምን ነው? ትንሿ ዲናስ? እግዚአብሔር ያሳድግልሽ፤ ያን ካናዳ የሚሉትን አገር ብርድ ከደጃችሁ ያርቅላችሁ። እኔን ከጠየቅሽ ደህና ነኝ። ሰባውን ካለፍኩ ሰነበትኩ፤ ጥርስ የሚባል ነገር አልተረፈኝም፤ በጎቼን ግን ከየትኛውም ጎረምሳ ቀድሜ ከተራራ አወርዳለሁ። ያላመነ መጥቶ ይይ።

ድርቆሹን ዘንድሮ ዝናብ በላው። የቶማስ ፒኮክ ካብ ፈርሶ በጎቹ ከኔ መስክ ገቡ። "ካብህን ሥራ እንጂ፣ አንተ ሰው!" ብለው፣ "ሣርህ ጥሟቸው ነው፣ ደስ ይበልህ" አለኝ። ይህን ሰው ታስታውሺዋለሽ፤ አልተለወጠም። እንዲህ ያለ ሰው ሞትም አይቸኩልበት።

በየደብዳቤሽ መጨረሻ አንድ ነገር ትጠይቂኛለሽ። "አክስቴ ምን አለች?" ትያለሽ። ከሄድሽ ስድስት ዓመት ሆነሽ፤ ጥያቄው ያው ነው። የኔም መልስ ያው ነው፤ አክስትሽ አክስትሽ ናት። የሚስቴ አፍ ከአይብ ቤቱ መዝጊያ ይከብዳል። የሄድሽ ዕለት ወጥታ አልሸኘችሽም፣ አውቃለሁ። ወተት ላይ ቆማ ነበር፤ ወተት ደግሞ ሰው አይጠብቅም። እናትና አባትሽ ሞተው ሜዳ ላይ ስትቀሪ አንስቶ ያሳደገሽ የሷ እጅ ነው፤ ከዚያ ሌላ ምን ቃል ያስፈልግሻል? እሷ በቦታዋ ናት። በዚህ ይብቃሽ።

ሀና መልሼ ላንብብልህ ትላለች። አያስፈልግም። ያልኩትን አውቃለሁ።

አጎትሽ ሩበን አልደርሰን። ከታች ያለው መስቀል የኔው ነው።

✗

---

ማኒቶባ፣ ካናዳ
ዲሴምበር 2 ቀን 1907

ለተከበሩ አጎቴ ለሩበን አልደርሰን፣ ለተወደደችው አክስቴ ለዲና፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ፣ ቸሩ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። በረዶው መስኮቱ ድረስ ቆሟል። እዚህ አገር ካብ የለም፤ የሚካብ ድንጋይም የለም። ዓይን የሚያርፍበት አጥቶ ሲሄድ ሲሄድ ይደክመዋል። ኤሞስ ግን "ሜዳ ምን ጎደለው?" ይላል። እሱ የእርሳስ ማዕድን ሲቆፍር ከመሬት በታች ያደገ ስለሆነ፣ ሰማይ በሰፋለት ቁጥር ይደሰታል።

ላሞች ገዝተናል። ከአምና ጀምሮ አይብ እሠራለሁ፤ ግን እጄ አልሰምር አለ። ከመደብር በጠርሙስ የምገዛው ማርጊያ አንዱን ቀን ወተቱን ድንጋይ ያደርገዋል፣ ሌላውን ቀን ውሃ እንደሆነ ያድራል። የረጋውም ቢሆን ሲበሉት ይመራል።

የተዋረድኩትንም ልንገርዎ፤ ይሳቁ። በመከር ጊዜ መደብር ገብቼ እንደ አገሬ "የርኒንግ አለህ ወይ?" ብዬ ጠየቅሁ። እኛ ቤት የርኒንግ የምንለው ከጥጃ ሆድ የሚሠራው ወተት ማርጊያ እዚህ ሌላ ስም እንዳለው በምን አውቄ! ባለ መደብሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "እመቤቴ፣ እኔ እኮ ባለትዳር ነኝ" አለኝ። ቤት ሙሉ ሰው ሳቀ። ለካ እዚህ የርኒንግ ማለት ናፍቆት ብቻ ነው። ቃሉን በጸሎት ቤታችን መዝሙር ውስጥ ሰምቼው ነበር፤ ግን የእሁዱ ቃልና የአይብ ቤቱ ቃል ተገናኝተው ያሳፍሩኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሰው ፊት ቆሜ ናፍቆት ሽጡልኝ ስል ነበር። ኤሞስ እስካሁን ድረስ ማታ ሲገባ፣ "ናፍቆት በጠርሙስ ስንት ገባ ዛሬ?" ይለኛል።

ያልሳቀብኝ መምህሩ ሚስተር ላክላን ብቻ ነው። ትልቁን መዝገበ ቃላቱን ገልጦ አስረዳኝ። ናፍቆት የሆነው ቃል ጥንት መጓጓት ከሚል ቃል የተወለደ ነው አለኝ። የድሮ ሰዎች ደግሞ "በረደኝ"፣ "ራበኝ" እንደሚባለው፣ ሰውየው ሳይሆን ነገሩ ራሱ መጥቶ ሰውየውን እንደሚይዘው አድርገው ይናገሩት ነበር፤ ያን ጊዜ ትርጉሙ ወደ ሐዘን ያደላ ነበር አለ። አዳኝ ውሻ ሚዳቋዋን ሲያይ የሚያወጣውን ጩኸት እንኳ በዚሁ ቃል ይጠሩት ነበር። የኛው የአይብ ቤቱ ግን ሌላ ቃል ነው፤ መሮጥ፣ መፍሰስ፣ ፈሶ አንድ ላይ መሰብሰብ ከሚል የመጣ። ዘመድ አይደሉም፣ መንገድ ላይ ተገናኝተው መልካቸው ተመሳሰለ እንጂ። "እንደኔና እንደ ኤሞስ" አልኩት። ሳቀ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። አጎቴ፣ አክስቴን ይጠይቁልኝ። የርኒንጉን እንዴት ነው የምትሠራው? ከጥጃው ጀምራ እስከ መጨረሻው ትንገረኝ። አይቡን አስተምራኛለች፤ ይህን አንዱን ነገር ግን በየጸደዩ በር ዘግታ ብቻዋን ነበር የምትሠራው። "ቤቱን ስትረከቢ ታውቂዋለሽ" ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቤቱን ሳልረከብ ሄድሁ።

እውነቱን ከተናገርሁ የምፈልገው አይቡን ብቻ አይደለም። ሰላምታዬን አትመልስም። ልጄን በሷ ስም ዲና ብዬ ብጠራት አንድ ቃል አልላከችልኝም። ስለ አይብ ሥራ ከተጠየቀች ግን ዝም ማለት አይሆንላትም፤ አውቃታለሁ። ተሳድባም ቢሆን ትመልስልኛለች። ስድቧም ይበቃኛል። አንድ ቃል ብቻ ከአፏ ይምጣልኝ።

የርስዎና የሷ ልጅ
ታማር

---

ሃይ ሊንግ እርሻ
ጃንዋሪ 20 ቀን 1908

ለታማር፣

ብዕሩ አሁንም በሀና እጅ ነው። እንደምን አለሽ? ኤሞስና ሕፃኗ እንደምን አሉ? ጤናውን ያብዛላችሁ። እዚህ ውርጩ በርትቷል። አንዲት በግ ካብ ሥር በረዶ ቀብሯት ትንፋሿ በረዶውን አቅልጦ በከፈተው ቀዳዳ አገኘኋት። ውሻዬ ነው ያገኛት፤ እኔ ቆፈርኩ። ከነሕይወቷ ወጣች፤ ወጥታ ነከሰችኝ።

ያንን መምህር ከኔ ሰላም በይው። መጽሐፉንም ለበር መደገፊያ ያድርገው። ሰባት ትውልድ የርኒንግ ስንል የኖርን ሰዎች ከጥጃ ሆድ ስናወጣው የኖርነውን ነገር ስሙን ከሱ አንማርም። ውሻ ይጮህበታል፣ ሰው ያለቅስበታል፣ ወተት ይረጋበታል ካለ፣ አንድ ቃል ይህን ሁሉ ሥራ ከቻለ ጎበዝ ቃል ነው፤ ምን አከራከረው? ለሁለት ምን ሰነጠቀው? ባለ መደብሩን ደግሞ እኔ እዚያ ብሆን ኖሮ ደረቱን ሳይሆን መንጋጋውን ይይዝ ነበር።

የጠየቅሽውን ጠየቅኩልሽ። አክስትሽ እንዲህ ትላለች፤ ጻፊ ሀና። ጥጃው ስድስት ወር ሞልቶት፣ መስክ ወጥቶ ሣር ጠግቦ፣ ሆዱ ሲሰፋ ይታረዳል። ትልቅ ሆድ ብዙ ያረጋል። ሆዱ ይታጠባል፣ በጨው ይታሻል፣ በእንጨት ተወጥሮ ጭስ መውጫው አጠገብ ይሰቀላል። ሲደርቅ ከሱ ቆርጦ በጨው ውሃ መዘፍዘፍ ነው። ይኸው ነው፤ ቅኔ አይደለም።

ሀና ብዕሯን አንስታ ታየኛለች። "ሣር የጠገበ ነው ያልከው፣ አያ ሩበን?" ትለኛለች። አዎ። "ዲና እንዲህ አለች?" አዎ አለች። አንቺ ፖስታሽን ሽጪ። "እሺ፣ እንዳልከው እጽፈዋለሁ" ትላለች። እንዳልኩት ትጽፋለች እንጂ ሌላ ምን ልታደርግ ኖሯል?

አክስትሽ ሰላም ብላሻለች። ሕፃኗንም ሳሚልኝ ብላለች። ቃል ስትፈልጊ ነበር፤ ይኸው ቃል መጣልሽ። አሁን ልብሽ ይረፍ።

ሌላ ደብዳቤ ቶሎ ጻፊ። ስለ ሕፃኗ ብዙ ጻፊ፤ ምን ትላለች፣ ምን ትበላለች፣ ማንን ትመስላለች። አክስትሽ መስማት ትፈልጋለች።

አይነበብም፣ እጠፊው ሀና።

ሩበን አልደርሰን
✗

---

ማኒቶባ
ኤፕሪል 9 ቀን 1908

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልስ ያዘገየሁት ታምሜ አይደለም፣ ሥራም በዝቶብኝ አይደለም። ብዕሩን አነሣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

መጀመሪያ ሳነበው አለቀስሁ። "ሰላም ብላሻለች" የሚለውን ለኤሞስ አነበብሁለት፤ ለልጄም፣ ምንም ባይገባት፣ አነበብሁላት። ኤሞስ "ይኸው፣ አሮጊቷ ተረታች" ብሎ ጨፈረ። ወደ ጥጃው ስመለስ ግን ያን መስመር ደግሜ ደጋግሜ አነበብሁት።

አጎቴ፣ እርስዎ የበግ ሰው ነዎት፤ አይብ ቤት ገብተው አያውቁም፤ አታስገባዎትም ነበርና። እዚያ ቤት ወለል የጠረገች ሁሉ የምታውቀውን እርስዎ አያውቁትም። አክስቴ ዲና ሣር የቀመሰ ጥጃ ሆድ በደጇ አታሳልፍም። አንድ ጊዜ የፒኮክ ሚስት አምጥታላት ገና በእጇ መዝና፣ "ይህ አፉን ከፍቷል" ብላ ለውሻ ስትወረውረው አይቻለሁ። ምክንያቱን ጠየቅኋት። "ከእናቱ ወተት ሌላ የማያውቅ ሆድ ነው ወተትን የሚሰበስበው። ሌላ ከቀመሰማ ምን ብሎ ይጠራዋል?" አለችኝ።

ስለዚህ ያን ነገር እሷ አላለችዎትም። በዚያ ክፍል ውስጥ ብትኖር ሀና መስመሩን ሳትጨርስ ጭልፋ ወርውራ ታስቆምዎት ነበር። ሰላም ማለቷንም አሁን ሳስበው የሷ አይደለም። አክስቴ ለሰው ሰላም በሰው በኩል ልካ አታውቅም።

አክስቴ የሞተችው መቼ ነው?

አልቆጣም። ብቻ ይንገሩኝ። ስሜን ጠርታ እንደሆነም ይንገሩኝ።

ታማር

---

ሃይ ሊንግ እርሻ
ሜይ 3 ቀን 1908

ለልጄ ለታማር፣

ብዕሩ በሀና እጅ ነው። አታልቅሺ ብያታለሁ፤ ወረቀቱ ይበላሻል።

እግዚአብሔር ያጽናሽ። መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ እጅሽን ይዞ ነበር የሚነገረው። ኤሞስ አጠገብሽ ከሌለ እስኪመጣ ድረስ ወረቀቱን አስቀምጪውና ከዚያ ቀጥዪ።

ዲና ያረፈችው ባለፈው ዓመት ማርች ላይ ነው፤ በጎች በሚወልዱበት ሰሞን። ደረቷን አሟት ከሳምንት በላይ አልተኛችም። በረዶው መንገዱን ዘግቶት ስለነበር ጎረቤቶች ሳጥኗን በትከሻ ተሸክመው በካቦቹ ላይ እየተሻገሩ አወረዷት። ቶማስ ፒኮክም ተሸክሟል። መንገዱን በሙሉ ለሌላ አላቀብልም አለ። ስለሱ ከዚህ በፊት ያልኩትን ሰርዤዋለሁ።

እኔ እንግዲህ ሚስተር ባርትልን ጠርቼ፣ "ለታማር ደህና ናት ብለህ ጻፍ" አልኩት። "እኔ ውሸት አልጽፍም፣ ሩበን" አለኝ። ዓይኑ አልደከመም፤ ዓይኑ እንደ ጭልፊት ነው። ከዚያ ሀና ጋ ሄድኩ። ሀናም አልፈለገችም፤ ግን ቆሜ አልሄድ ስል አየችኝና ወረቀት አወጣች።

ለምን ብለሽ ትጠይቂያለሽ። የምትጽፊው ለሷ ነው፤ ለኔ አይደለም። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ "አጎቴ" ብለሽ ትጀምሪያለሽ፣ የምታናግሪው ግን እሷን ነው። እኔ ደደብ አይደለሁም። እሷ እንደሌለች ካወቅሽ ማንን ልትጠይቂ ትጽፊያለሽ? በጎቼን? ይህ ቤት ድምፅ የለውም። በስንት ጊዜ አንድ ቀን ሀና ወረቀት ይዛ ዳገቱን ስትወጣ ከሩቅ አያትና ምድጃው ላይ ማገዶ እጨምራለሁ። ነገሩ ይኸው ነው።

ያ የጥጃ ነገር ደግሞ፤ ሀና አውቃ ነው ዝም ያለችኝ። አሁን ነው የነገረችኝ። "የዚህ አገር ሴት ሁሉ የምታውቀው ነገር ነው፤ ታማር ስሕተቱን ታገኘዋለች ብዬ እንዳልከው ጻፍኩት" አለችኝ። ተናድጄ ባርኔጣዬን አነሣሁ፤ ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት። የትስ እሄዳለሁ?

ስሜን ጠርታለች ወይ ብለሽኛል። ጠርታለች ብል ሀና ትጽፈዋለች፤ ግን አልልም። አልጠራችም። መጨረሻ የተናገረችው "መዝጊያውን ዝጋው፣ ነፋስ ገባ" ነው። ዘጋሁት። ስመለስ አልነበረችም።

ያልነገርኩሽ ሌላ ነገር ግን አለ። የሄድሽ ዕለት ነው።

ጋሪው ደጅ ቆሞ፣ አንቺ ከአይብ ቤቱ መዝጊያ ፊት ቆመሽ "አክስቴ፣ ልሄድ ነው" አልሽ። እሷ ከውስጥ "ወተት ላይ ነኝ" አለች። ወተት እየረጋ ሳለ በር እንደማይከፈት፣ ወለል እንደማይረገጥ አንቺም ታውቂያለሽና መዝጊያውን በመዳፍሽ ነካሽውና ሄድሽ። እኔ እስከ ድልድዩ ሸኝቼሽ ተመለስኩ። በጎቼን አየሁ። እኩለ ቀን አለፈ፤ ምሳ የለም፣ ጭስ የለም። ያኔ ነው እዚያ አይብ ቤት የገባሁት፤ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

በወተቱ ጋን አጠገብ ቆማለች። እጇን አጣጥፋለች። ወተቱ ጠዋት እንደተቀዳ ነው፤ አልረጋም። የርኒንጉ በጎድጓዳ ሳህኑ እንዳለ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። መጨመሩን ረስታ ቆማ ውላለች። ዲና! በእንቅልፍ ልቧ የምትሠራውን!

"ምን ሆንሽ አንቺ ሴት?" አልኳት።

ፊቷን ሳታዞር፣ "ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ ሩበን" አለች። ያንኑ ናፍቆት የሚሉትን ቃል በአያቶቻችን አነጋገር ነው ያለችው፤ መምህርሽ መጽሐፍ ውስጥ አገኘሁት እንዳለሽ፤ ነገሩ መጥቶ ሰውን እንደሚይዝ አድርጋ። እናቴ ልጅ ሲሞትባት እንዲያ ስትል ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ከማንም አልሰማሁትም።

እኔ ወተቱን በባልዲ እያመላለስኩ ለአሳማዎቹ ሰጠሁ። እሷም ጋኑን አጠበች። ከዚያ በኋላ አላነሣነውም።

መምህርሽን እንግዲህ እንዲህ በይው። ሁለት ቃል ነው ካለ ሁለት ይሁን፤ መጽሐፉን ያየ እሱ ነው። ለበር ያደረገውም እንደሆነ ያንሣው። ያን ቀን ግን አንደኛው በዝቶባት ሁለተኛውን ረሳችው። እኔ በዓይኔ ያየሁት ይህን ነው።

አሁን አሠራሩን ንገረኝ ብትይኝ አላውቀውም። ይዛው ሄደች። ሀና የእናቷን መንገድ ልትጽፍልሽ ትችላለች፤ የዲና ግን አይሆንም። ያለኝ አንድ ነገር ነው። ከሄድሽ ወዲህ በየጸደዩ ሁለት ሁለት ሆድ ታደርቅ ነበር። አንዱ ለቤቱ ነው፤ ሌላው ከጭስ መውጫው ጀርባ ለብቻው ይሰቀላል። በዓመቱ አዲሱን ስትሰቅል አሮጌውን ታወርዳለች። "ይህ ደግሞ የማን ነው?" ብላት፣ "የሷ" ትላለች። "የማን?" "የሷ አልኩህ፣ አትንካው።" ከዚህ የበለጠ አልነገረችኝም፤ እኔም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

አልነካሁትም። የመጨረሻው እስከ ትናንት ድረስ እዚያው ነበር። አውርጄ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ ሀና በሰም አሽጋዋለች። ከዚህ ደብዳቤ ጋራ ይመጣል። አረጀ ብለሽ እንዳትጥይው፤ ሲያረጅ ነው የሚበረታ፤ ይህን እንኳ ከአፏ ሰምቻለሁ። ትንሽ ትንሽ ቁረጪ። ጥፍር የምታህል ይበቃል። ጥጃው ሣር ያልቀመሰ ነው፤ በዚህ አልዋሽሽም፤ የሠራችው እሷ ናት። የሚያልቅ ነገር ነው፤ ሌላ ከየትም አይመጣም። ሲያልቅ አልቋል።

መጀመሪያ የምትሠሪውን አይብ ሕፃኗ ትቅመሰው። ምን እንዳለች ጻፊልኝ። መጻፍ ካልፈለግሽም ግድ የለም፤ በጎች አሉኝ። ሀና "ግድ አለው በል" ትለኛለች።

ግድ አለው።

ሩበን አልደርሰን
✗

ቆይ ሀና፣ አትጠፊው። ሁልጊዜ መልሼ ላንብብልህ ስትይኝ አያስፈልግም እልሽ ነበር። ዛሬ አንብቢልኝ። ከላይ አይደለም፤ ሌላው ይቅር። ዲና ፊቷን ሳታዞር ካለችው ጀምሪ። ቀስ በይ። ነገ ይህ ወረቀት ባሕር ይሻገራል፤ እኔ እንደሆን ፊደል አላውቅም።